ለጎረቤት የተካፈለ ዋይፋይና የጠበቃ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ኢንተርኔቴን በጣሪያ አንቴና ለማዶው ሕንፃ ጎረቤቶች አካፍላለሁ። ሰሞኑን «ከመስመርዎ ፊልም ተሰራጭቷል» የሚል አብማኑንግ (ከክስ በፊት የሚላክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ) ከጠበቃ ደረሰኝ፤ ገንዘብ እንድከፍልና «ድርጊቱ አይደገምም» የሚል የተያያዘ ሰነድ እንድፈርም ይጠይቃል። የእንግዳ ኔትዎርክ ለይቼ እንዴት እኔ ተጠየቅሁ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሰነዱን አይፈርሙ። ፊርማዎ ለረጅም ዘመን የሚያስር ውል ነው፤ ነገ ከጎረቤቶቹ አንዱ ቢደግመው የውል ቅጣት ሊጠየቁ የሚችሉት እርስዎ ነዎት።

ጥርጣሬዬ የእንግዶቹ ትራፊክ በእርስዎ አድራሻ ይወጣል የሚል ነው። ስልክዎን መጀመሪያ በእንግዳው፣ ቀጥሎ በቤቱ ዋይፋይ አገናኝተው የውጭ አይፒ አድራሻዎን ይዩ። አንድ ከሆነ ችግሩ ተገኘ።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ስልክ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ይሰጣል። ዳታው ወደ ውጭ ሲወጣ ያንን ቁጥር አንስቶ በመስመሩ የውጭ አድራሻ ይተካዋል፤ መልሱ የማን እንደሆነ የሚለየው በፖርት ቁጥሮች ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ መዝገቡ ብዙም ሳይቆይ ይሰረዛል። ቶረንት (ሰዎች ፋይል እርስ በርስ የሚለዋወጡበትን መንገድ) የሚከታተለው ድርጅት የሚያየው የውጭውን አድራሻና ሰዓቱን እንጂ የውስጡን ቁጥር አይደለም። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የኢንተርኔት አቅራቢው የውሉን ባለቤት ስም ይሰጣል፤ ስሙ የእርስዎ ነው። የርካሽ ራውተር «እንግዳ» ቁልፍ እንግዶቹን ከቤትዎ ኮምፒውተር ይለያል እንጂ ከስምዎ አይለይም። ይህን ሳይነግርዎ አንቴና ሰቅሎ የሄደው ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የተወው።

ጥገናው፦ ኦፕንደብሊውአርቲ (ነፃ የራውተር ሶፍትዌር) የሚቀበል ራውተር ይያዙ። ለእንግዶች የተለየ ቪላን (በራውተሩ ውስጥ የተነጠለ ኔትዎርክ) ይክፈቱ፤ በፋየርዎሉ ከእንግዳ ወደ ዋየርጋርድ (ትራፊኩን በተመሰጠረ «ዋሻ» ወደ ሌላ መውጫ የሚወስድ ቪፒኤን) ብቻ ይፍቀዱ፣ ወደ ዋን (በቀጥታ ወደ ራስዎ የኢንተርኔት መስመር) ፈጽሞ አይፍቀዱ። የዋሻው ኤምቲዩ (የአንድ ዳታ ጥቅል ከፍተኛ መጠን) 1420 ይሁን፣ መስመሩ ፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል የሚከፈት የግንኙነት ዓይነት) ከሆነ 1412። አይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት) በዋሻው ካላለፈ ለእንግዶች ይዝጉት፤ ብዙው የሚያፈስሰው በዚያ ነው። ከዚያ ለሙከራ ዋየርጋርዱን ያጥፉ፦ እንግዶቹ ኢንተርኔት ካላጡ ሥራው አላለቀም። የዋሻውን ማዶ ጫፍ በራስዎ ስም አይከራዩ፤ ብዙ የፍራይፉንክ (ነፃ ዋይፋይ የሚያካፍሉ የበጎ ፈቃደኞች) ማኅበራት በራሳቸው መውጫ ያሳልፋሉ።

አንቴናውንም ይፈትሹ። በ5 ጊጋኸርዝ ከ36 እስከ 64 ያሉት ቻናሎች ጀርመን ውስጥ ለጣሪያ አንቴና አይፈቀዱም፤ ለጣሪያ ከ100 እስከ 140፣ የአገር ቅንብሩ ጀርመን ሆኖ፣ ራዳር ሲያገኝ ቻናል የሚቀይረው ራዳር መለያው ሳይጠፋ።

ሕጉ፣ በደንብ ያልተጠበቀ ዋይፋይ ባለቤትን ተጠያቂ ካደረገው የ2010 እ.ኤ.አ. ፍርድ ወዲህ ተሻሽሏል፦ ከጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋይፋይ የከፈተ ሰው በተጠቃሚው ጥፋት ካሳም የጠበቃ ወጪም አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሕገወጡ ይዘት እንዳይደረስበት መዝጋት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማን ማን መስመሩን እንደሚጠቀም ማስረዳት አለብዎት። ስለዚህ ራውተሩን ሪሴት አያድርጉ፤ ቅንብሩን ባክአፕ ያድርጉ፣ የኔትዎርኩን ንድፍና የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ከነቀኑ ያስቀምጡ። የአቅራቢዎንም ውል ያንብቡ፤ ለጎረቤት ማካፈልን የሚከለክል ብዙ ነው።

ቀነ ገደቡን ሳያሳልፉ የቅጂ መብት ጠበቃ ወይም ፈርብራውኸርሰንትራለ (የጀርመን የሸማቾች ምክር ማዕከል) ዘንድ ይሂዱ፤ ዝም ካሉ አስቸኳይ የፍርድ ቤት እግድ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያው ግን አይፈርሙ።