ፀበል ስገባ መድኃኒቴን ላቁም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው፤ ዕድሜዬ 24 ነው። ጸሎት መጨረስ ካቃተኝ ቆየሁ። ውዳሴ ማርያም ስደግም አንድ ቃል የዘለልኩ ይመስለኝና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሥዕለ አድኅኖ ፊት ስቆም አፌ የማይደፍረው የስድብ ሐሳብ ይመጣብኛል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ንስሐ አባቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ገና ቤት ሳልደርስ ግን ያልተናገርኩት ኃጢአት ያለ ይመስለኛል። ደብረ ማርቆስ ያየኝ የአእምሮ ሐኪም «ኦሲዲ ይባላል» ብሎ ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊ ግራም አዘዘልኝ። ፋርማሲ ስጠይቅ የድባቴ መድኃኒት ነው አሉኝ። እኔ ድባቴ የለብኝም። ሦስት ሳምንት ወሰድኩት፤ ሆዴን አቅለሸለሸኝ እንጂ ለውጥ አላየሁም። ጎረቤቶቼ «መንፈስ ነው፣ ኪኒኑን ጥለሽ ፀበል ግቢ» ይሉኛል። ግሽ ዓባይ ሱባኤ ልገባ አስቤያለሁ። ኪኒኑን ላቁመው? የካፕሱሉ ሽፋን ከእንስሳ የተሠራ ነው ይባላል፤ ጾሜን ያፈርስብኛል? መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፀበሉንም ግቢ፤ መድኃኒቱንም አታቁሚ። ጎረቤቶችሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ ምክራቸው ግን ሊጎዳሽ ይችላል። እኔ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ነኝ። ስለ መድኃኒቱ የምነግርሽ ሐኪሞች የሚሉትን ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ያከመሽ ሐኪም ብቻ ነው።

በጣም ካስጨነቀሽ ነገር ልጀምር። ያ የስድብ ሐሳብ የአንቺ ፈቃድ የለበትም። ኃጢአት ፈቃድ ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ሐሳቡ ሲመጣ ትንቀጠቀጫለሽ፣ ታለቅሻለሽ። ሐኪሙ ኦሲዲ ያለሽ ያልተፈለገ ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ ሰውም ለመረጋጋት አንድን ድርጊት የሚደጋግምበት ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ሰው አጥብቆ በሚወደውና በሚጠነቀቅለት ነገር ላይ ነው። አራስ እናት «ልጄን እጎዳው ይሆን?» እያለች ትሰቃያለች። ንጽሕና የሚወድ ሰው እጁን ቆዳው እስኪላጥ ይታጠባል። ጸሎት የምትወድ ልጅን በጸሎቷ ይመጣባታል። ስለዚህ ሐሳቡ ሲመጣ አትከራከሪው፣ ለማባረርም አትታገዪ። መጣ፣ ይሂድ ብለሽ ጸሎትሽን ቀጥዪ።

ውዳሴ ማርያምን የዕለቱን አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚ። የዘለልሽ ቢመስልሽም ወደ ኋላ አትመለሺ። መጀመሪያ ላይ ጭንቀቱ ይብሳል፤ ደረትሽን ይይዝሻል። ታገሺው። ሳትመለሺ ከቆየሽ በራሱ ይበርዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ትንሽ ይቀላል። ሐኪሞቹም ከመድኃኒቱ ጎን የሚሰጡት የንግግር ሕክምና የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፦ የሚያስፈራሽን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ፣ ግን ማረጋጊያውን ድርጊት አለመፈጸም። እመቤታችን ቃል እየቆጠረች የምትቀየም አይደለችም።

ንስሐውም እንደዚያው ነው። በሳምንት ሦስቴ መሄድሽ ቁስል እንደ ማከክ ነው፤ ለጊዜው ያሳርፍሻል፣ ከዚያ ይብሳል። ለንስሐ አባትሽ የሐኪሙን ቃል ንገሪያቸው። ቀን ይቁረጡልሽ፤ በዚያ ቀን ብቻ ሂጂ። አንዴ የተናዘዝሽውን አትድገሚ። «ይቅር ተብዬ ይሆን?» ብለሽ ስትደውዪላቸው እንዳይመልሱልሽ አስቀድመሽ ለምኛቸው። ይህን የሚያነቡ ካህናት አባቶቻችንም ቢያስቡበት እወዳለሁ። ርኅራኄ መስሎን ደጋግመን «አይዞሽ፣ ተፈትቶልሻል» ስንል ሕመሙን እየቀለብነው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። «ድባቴ የለብኝም» ብለሻል። እውነትሽን ነው። ፍሉኦክሴቲንም ሆነ ተመሳሳዩ መድኃኒት ሰርትራሊን ለድባቴም ለኦሲዲም ይሰጣሉ፤ ለኦሲዲ እንዲያውም ብዙ ጊዜ መጠኑ ከድባቴው ከፍ ይላል። ሐኪሙ በ20 ጀምሮ ቆይቶ ቢጨምርልሽ አትደንግጪ። ሦስት ሳምንት ደግሞ ገና ነው። ለዚህ ሕመም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይጠብቁ «አልሠራም» አይባልም። ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታይና የሚያልፍ ነው፤ ምግብ በልተሽ ዋጪው። ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ በትዳር ላሉት የሩካቤ ፍላጎት መቀነስም ሊኖር ይችላል። ይህን ለሐኪም መንገር አያሳፍርም። ብዙ ሰው አፍሮ ዝም ይልና መድኃኒቱን በድብቅ ያቆማል።

አንድ ነገር ግን ዝም አትበዪ። በተለይ ከ25 ዓመት በታች ባሉት፣ መድኃኒቱ ሲጀመርና መጠኑ ሲቀየር፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማሽ፣ ወይም እረፍት የሚነሳ መቁነጥነጥ ከያዘሽ፣ ወይም እንቅልፍ አጥተሽ ከልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት ከተሰማሽ፣ በዚያው ቀን ለእናትሽ ንገሪና ሆስፒታል ሂጂ። ከዛሬ ጀምሮ እናትሽ ይወቁት፤ ኪኒኑም እሳቸው ጋ ይቀመጥ።

ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል የሚባለውን ሳትጠይቂ አትውሰጂ፤ ከዚህ መድኃኒት ጋር አደገኛ ሊሆን ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አብረው ሲወሰዱ መድማትን ያባብሳሉ። የባህል መድኃኒት ከወሰድሽም ለሐኪሙ ተናገሪ። የማኅበር ጠላና አረቄ ይቅርብሽ።

ሱስ ይሆንብኛል ብለሽ አትስጊ፤ ሱስ የሚያስይዝ አይደለም። በድንገት ማቆም ግን ጥሩ አይደለም። ማዞር፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል፤ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። ሻል ካለሽ በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል ይወሰዳል፤ የሚቆመው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

እምነት ማነስ ነው ለሚሉሽ ንጉሥ ሕዝቅያስን አስታውሻቸው። እግዚአብሔር በኢሳይያስ አፍ «እፈውስሃለሁ» ብሎት ነበር። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ ነው ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ ብሎ በእብጠቱ ላይ ያስደረገለት። ሲራክም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። በእኛም ዘመን ሰው የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን እየጣለ ፀበል ሲገባ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። ለአንቺም የሚሠራው ይኸው ትምህርት ነው።

የካፕሱሉን ነገር አንድ ጊዜ ልመልስልሽ። ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ከእንስሳ ከሚገኝ ጄላቲን ይሠራል፤ እውነት ነው። ግን መድኃኒት ነው፣ መብል አይደለም፤ ጾምሽን አያፈርስም። ይህን ጥያቄ ለሌላ መምህር ደግመሽ አታቅርቢ። ሕመሙ ደጋግመሽ እንድትጠይቂ ይገፋሻል።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ኪኒኑን ከምግብ ጋር በዚያ ሰዓት ብትወስጂው ይሆናል። እንቅልፍ ከነሳሽና ሐኪሙ «ጠዋት ይሁን» ካለ ንስሐ አባትሽን አስፈቅደሽ ጠዋት ውሰጂ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ጾምን ታቀልላለች። መቁረብ ትችያለሽ። የ18 ሰዓቱን ጾም ጠብቀሽ ቁረቢ፤ ኪኒኑን ከቅዳሴ በኋላ ስትመገቢ ዋጪው። ፍሉኦክሴቲን በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ አይጎዳሽም። አንድ ቀን ከረሳሽ ግን በማግስቱ ሁለት አትውሰጂ።

ግሽ ዓባይ ስትሄጂ ለሱባኤው ቀን የሚበቃ ኪኒን ያዢ፤ የምታርፊበትን ቤት ሰዎች ወይም የሚሸኝሽን ዘመድ አሳውቂ። ፀበል ጠጥቶ ማስመለስ የተለመደ ነው፤ ኪኒኑን ከዋጥሽ ብዙም ሳይቆይ ካስመለስሽ አብሮ ሊወጣ ስለሚችል ሰዓቱን አራርቂው። በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር አትጠጪ፤ ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ የደምን ጨው ዝቅ ያደርጋል፣ ብዙ ውኃ ሲጨመርበት ይብሳል። በእምነቱ ተቀቢ፣ ተጠመቂ። «ኪኒኑን ካልጣልሽ አናጠምቅሽም» የሚል ካጋጠመሽ አትከራከሪ፤ የደብሩን አስተዳዳሪ ፈልገሽ አነጋግሪ።

የኛ አገር መንገድ ደግሞ አንዳንዴ እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ። መድኃኒቱ ሳያልቅ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚቀጥለውን ግዢ። ደብረ ማርቆስ መድረስ ካልቻልሽ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ። የሐኪሙን ማዘዣ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ብትሄጂ የምትወስጂውን መድኃኒትና መጠኑን ያይበታል።