ሌሊት ብቻ ለሚጥለው ልጅ፣ ኢኢጂው «ነፃ» ከሆነ

የኢኢጂው (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) ነፃ መሆን ልጅዎ የሚጥል በሽታ የለበትም ማለት አይደለም። ቀን፣ ነቅቶ ሳለ የተደረገ ምርመራ እንቅልፍ ላይ ብቻ የሚታየውን ምልክት ሊስተው ይችላል። በእንቅልፍ ላይ እንዲደገምለት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ሲነሳበትም ከመጀመሪያው በስልክ ይቅረጹ። ቅዠት ይሁን የሚጥል በሽታ ለመለየት ቪዲዮው ከቃል ገለጻ በጣም ይሻላል።

ሲያንቀጠቅጠው በጎኑ ያስተኙት፤ ትራሱን ከፊቱ ያርቁ። አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ ክብሪትም አያሽትቱት፤ ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም። ሰዓት ይያዙ፦ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ፌኖባርቢታል የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ፣ እባክዎ «ሌሊት ብቻ ነው» ብለው በድንገት እንዳያቋርጡት። ብዙ ጊዜ አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ መንቀጥቀጡ ያለ ፋታ ሊከታተልበት ይችላል። መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፣ ያውም ቀስ በቀስ። ለብቻውም ባይተኛ ይመረጣል።