የእንግሊዝኛው «ኳየትሊ» (quietly) ማለት «ቀስ ብሎ» ነው ወይ ላልከው

አይደለም ወንድሜ። «ኳየትሊ» ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማለት ነው። ግራ ያጋባህ የኛው «ቀስ ብለህ አውራ» ነው፤ ፍጥነትንም ድምፅንም ባንድ ላይ ይይዛል። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል፦ ለፍጥነት «ስሎውሊ»፣ ለድምፅ «ኳየትሊ»። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ደግሞ «ሳይለንትሊ»።

«ሂ ኳየትሊ ሌፍት» ከተባለ ግን ሳያስወራ ሹልክ ብሎ ሄደ ነው።

«ስሎውሊ»ንና «ኳየትሊ»ን እንዳታምታታ። ለገጣፎ ተከራይቼ ስኖር፣ ሕፃን ተኝቶብን አንዱን የውጭ እንግዳ «ስፒክ ስሎውሊ» አልኩት። እሱ እቴ! ድምፁን ሳይቀንስ ቃላቱን አንድ በአንድ ይጎትትልኝ ጀመር። ሕፃኑም ተነሣ፣ እናቱም እኔን ገላመጠችኝ።