ሁለቱንም ባትሪ ወደ ፊት አትውሰድ

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ላይ ስለገዛሃት ፋይበር ጀልባ የጠየቅከውን አየሁት። ኋላዋ እየሰመጠ ስላስቸገረህ ሁለቱንም ባትሪ ወደ አፍንጫዋ ልታዞር ነው፤ የድሮውን ሽቦ ደግሞ ቀጥለህ ልታስረዝም። አትቀጥል። ባሕር ዳር ላይ ልክ ያንተን የመሰለች ጀልባ አለችኝ። 40 ፈረስ ጉልበት፣ በቁልፍ የሚነሳ። ባትሪዎቹ ከኋላ፣ ቤንዚኑ ከኋላ፣ ሞተሩ ከኋላ፣ ነጂውም ከኋላ። ታዲያ እንዴት አትሰምጥ!

1. ሞተሩን የሚያስነሳውን ባትሪ ከኋላ ተወው። ወደ ፊት የሚሄደው የመብራቱ፣ የውሃ መምጠጫ ፓምፑና የቴፑ ባትሪ ብቻ ይሁን። የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ እሱ ብቻውን ሲነሳ ኋላዋ ቀና ትላለች። ካልበቃህ የቤንዚን ታንኩን ወደ መሃል ሳበው። 25 ሊትር ቤንዚን 18 ኪሎ ገደማ ነው፣ እሱን ለማዞር የሚያስፈልግህ ትንሽ ረዘም ያለ የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማ ብቻ ነው። ባትሪና ቤንዚን ግን አንድ ሳጥን ውስጥ አይግቡ። ባትሪ ቻርጅ ሲሆን የሚያወጣው ጋዝ ራሱ ይቀጣጠላል፣ የቤንዚን ትነት ከተጨመረበት አንድ ብልጭታ ይበቃል።

2. የምታዞረውን ባትሪ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አታድርገው። ማዕበል ሲመታ ከሁሉም በላይ የሚዘለው እዚያ ነው፣ የባትሪው ውስጥ ይረግፋል። ከመሃሉ ወንበር ስር ይሁን፣ በቀበቶ ይታሰር፣ ፖዘቲቩ ይከደን።

3. ካቦ፣ ማለትም ወፍራሙ የባትሪ ሽቦ። ይሄን ጉዳይ ረጋ ብለህ አንብብልኝ፣ እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ሥራውን የሰጠሁት በከተማው ስም ላለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። «ጀልባ በለው መኪና፣ 12 ቮልት 12 ቮልት ነው» አለኝ። ሁለቱንም ባትሪ ፊት ወሰደ፣ የድሮውን 16 ሚሊ (የመዳቡ ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር) ካቦ ቀጠለበት፣ መቀጠያውን ጠምዝዞ በናስትሮ፣ በሽቦ መጠቅለያው ፕላስተር፣ ጠቀለለው፣ የመብራቱን መስመር በቤት ሽቦ ሠራው። ዳር ላይ ቁልፉን ስናዞር ወዲያው ተነሳ። ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

ከዚያ እንግዶች ይዤ ዘጌ ሄድኩ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት እስኪሳለሙ ድረስ ረዳቴ ቴፑን ከፍቶ ይዝናናል። ከሰዓት በኋላ የጣናን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልንመለስ ቁልፉን አዞርኩ፣ ቀጭ። ደግሜ አዞርኩ፣ ቀጭ ቀጭ። ጀልባዋ በጎኗ ወደ ድንጋዩ እየተገፋች ነው፣ እንግዶቹ ይጮሃሉ፣ አንድ ሰውዬ በደንገል ታንኳው ቀስ ብሎ እየቀዘፈ አልፎን ሄደ። የሞተሩን ክዳን ፈትቼ ገመድ ጠመጠምኩና በእጄ አስነሳሁት። ይሄን በ40 ፈረስ ሞተር ላይ የሞከረ ሰው ትከሻውን ይጠይቅ።

ሠራተኛውን ስጠራው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባትሪህ ደክሟል፣ አዲስ ግዛ።» ገዛሁ፣ ያውም ከራሱ ሱቅ። እሱም ከርሞ ቀጭ አለ።

በመጨረሻ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ ራሴ ገባሁበት፣ አንተም ባትሪ ከመግዛትህ በፊት እንዲህ አድርግ። አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ላይ ካቦው የሚታሰርበት ቦሎኔ ላይ ያዝና ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ሞተሪኖው እየታገለ ሳለ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ባትሪው ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ የካቦው ነው። በኔጌቲቩም ድገመው። የእኔ ካቦ ሄዶ መልስ 10 ሜትር ነበር። ሞተሪኖ 150 አምፔር ሲጎትት በዚህ ርዝመት 16 ሚሊ ካቦ ላይ ብቻ ከአንድ ቮልት ተኩል በላይ ይቀራል። የናስትሮው መቀጠያ የሚበላው ገና አልተቆጠረም። ፈትቼ ሳየው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ናስትሮውም ቀልጦ ተጣብቋል። የግድ ማርዘም ካለብህ ያለ ምንም መቀጠያ አንድ ወጥ 50 ሚሊ ካቦ ግዛ፣ ዋጋውን ስትሰማ ግን ባትሪውን ከኋላ መተውህ አይቀርም።

የቤት ሽቦውም ያው ነው፣ ውስጡ አንድ ድፍን መዳብ ስለሆነ በሞተር ንዝረት ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ግዛ። ጫፉን በካፒኮርዳ (ሽቦ ጫፍ ላይ በሚገባው ብረት) አጥብቀህ ጭመቀው እንጂ ቦሎኔ ላይ አትጠምዝዘው። ከማስነሻው ካቦ በቀር ከባትሪ የሚወጣ እያንዳንዱ ፖዘቲቭ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይኑረው። ፓምፑን ከዋናው ማጥፊያ በፊት በራሱ ፊውዝ ቀጥታ ከባትሪው ውሰደው፤ ሁሉን አጥፍተህ ቤትህ ስትተኛ እሱ ይሥራ።

ሁለቱን ባትሪ የሚለያየው ባለ 1፣ 2 እና ሁለቱም ማዞሪያ ከሌለህ የእኔን ዕጣ አይስጥህ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዞሬ አጣሁት፣ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ላከልኝ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ያዘው። «ምንድነው?» የጀልባ ነው። «ባሕር የሌለው አገር ምን ጀልባ አለው?» ይለኛል፣ ከጀርባው ግድግዳ ላይ የጣና ፎቶ ተሰቅሏል! ደብዳቤ አምጣ፣ የደብዳቤው ማኅተም አይነበብም፣ ነገ ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዕቃው ዋጋ ይልቅ ያወጣሁት የባጃጅ በለጠ። ለማንኛውም ስታገኘው፣ ሞተሩ እየሠራ ወደ ማጥፊያው እንዳታዞረው። ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ይቃጠላል፣ ጎረቤቴ ላይ ደርሷል። ቆማችሁ ሙዚቃ ስትሰሙ በመብራቱ ባትሪ ብቻ ተጠቀም፣ የማስነሻው አይነካ።

አሁን ጀልባዬን ያየ ሁሉ ማን ሠራልህ ይለኛል። ያ ሠራተኛ ራሱ መጥቶ ፎቶ አንስቶ ሄዷል፣ ለባትሪው ግን አንዲት ብር አልመለሰም።

ስትፈታ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ስታስር መጨረሻ። የሞተሪኖህን ካቦ ውፍረትና ከባትሪው እስከ ሞተሩ ያለውን ሜትር እዚህ ጻፍልኝ፣ አስልቼ እነግርሃለሁ። ከዚያ በፊት ምንም እንዳትገዛ፣ በተለይ ባትሪ።