ዶልፊንህ ጠዋት አልነሳ ካለ የናፍጣ ፖምፓውን አታስነካ

ወንድሜ፣ «ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ወርዶ ከተሠራ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በመከራ ነው የሚነሳው፣ ዳገት ላይም ደክሟል፣ 5ኤሉን ሞተር አውጥቼ 2ኬዲ ሞተር ላስገባ ወይ?» ብለሃል። አታስገባ። የኔም ባለ 5ኤል ዶልፊን ሚኒባስ ነው፣ ያለፍኩበትን ልንገርህ።

1. ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ጠይቅ። 2ኬዲ ላይ ናፍጣው በቀጥታ ፒስቶኑ አናት ላይ ነው የሚረጨው። 5ኤል ግን ቴስታታው ሆድ ውስጥ ትንሽ ጓዳ አለችው። ናፍጣው እዚያ ተረጭቶ ከሚሽከረከረው አየር ጋር ይደባለቅና መንደድ ከጀመረ በኋላ ነው ወደ ሲሊንደሩ የሚወጣው። ድምፁ ለስለስ የሚለው ለዚህ ነው። ችግሩ የጓዳዋ ግድግዳ ሙቀት ይሰርቃል። ስለዚህ ፋብሪካው ኮምፕሬሽኑን (አየሩ የሚታመቅበትን ልክ) 22.2 ለ 1 አድርጎታል፣ ከዚያ ሲጎድል በጠዋቱ ብርድ ቁልፍ ስታዞር ነው የምትውለው።

ጓርኒሲዮኑ በሦስት ውፍረት ነው የሚመጣው፣ ፒስቶኑ ከብሎኩ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ይመረጣል። ከልኩ በላይ ከወፈረ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል። የኔው መካኒክ መለኪያ የሚባል ነገር አላወጣም። «ወፍራሙ አይቃጠልም» ብሎ ከሶማሌ ተራ አስገዝቶኝ ገጠመው።

2. ፖምፓ። መኪናው ሲደክም ያው ሰውዬ «ናፍጣ አንሶት ነው» ብሎ ፖምፓውን ከፈተው፣ እኔ ጅሉም ዝም አልኩ። እዚህ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያነሰው አየር፣ የጨመርነው ናፍጣ! ሁለት ቀን ጉልበት ያገኘ መሰለኝ። ከዚያ ጥቁር ጭስ። ለቦሎ ምርመራ ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ መርማሪው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወረቀቱን ወረወረልኝ፣ «አሠርተህ ና»። ምኑን ብለው መልስ የለም። እንጦጦ ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ጋለ።

ቴስታታው ለሁለተኛ ጊዜ የወረደው ሌላ ጋራዥ ነው። ሽማግሌው መካኒክ ጓዳዋ ውስጥ የምትቀመጠውን የብረት ኩባያ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከቡና ሲኒ ታንሳለች። አፏ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። «በናፍጣ የጠበስካት ይቺን ነው» አሉኝ። እሷ ተቀየረች፣ ጓርኒሲዮኑ ተለክቶ ተገጠመ፣ ፖምፓው ወደ ልኩ ተመለሰ። አሁን በመጀመሪያው ቁልፍ ነው የሚነሳው፣ ጎረቤት ምስክሬ ነው።

3. ሌላ ነገር ሳያስነኩህ ኮምፕሬሽኑን አስለካ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ካልጣሉት ላዩ ላይ ውፍረቱን የምታሳይ ቢ፣ ዲ ወይ ኤፍ የምትል ፊደል አለች፣ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።