መንጃ ፍቃድ ልትፈተኑ ነው? ጠይቁኝ

11 ዓመት ለማጅ አጠገብ ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ ፒያሳ፣ ሁሉም እዚሁ መሀል ከተማ። ሰሞኑን ስለ ፈተና የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፣ ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ። ለሁሉም የምለው አንድ ነገር አለኝ፦ ቀስ በሉ፣ ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ብዙዎቹ መልሶቼ እዚያው ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜዳ ላይ ጎበዝ ነኝ። ዳገት ላይ ግን መኪናዋ ወይ ትጠፋብኛለች ወይ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ለፈተናዬ 9 ቀን ቀርቶኛል።

መልስ፦ አይዞሽ፣ 9 ቀን ይበቃሻል። ችግሩ ያለው ግራ እግርሽ ላይ ነው። መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ላይ ነዳጅ ሳትሰጪ፣ በፍሪሲዮን (በግራ እግርሽ በምትረግጪው ፔዳል) ብቻ መኪናዋን አስነሺ። 20 ጊዜ፣ 30 ጊዜ፣ ፍሪሲዮኑ የሚይዝባትን ቦታ እግርሽ እስኪለምዳት ድረስ። ከዚያ ወደ ዳገቱ ሂጂ። የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጠሽ 1ኛ ማርሽ አስገቢ፣ ትንሽ ነዳጅ ስጪና ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ልቀቂ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል። የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ቀና ይላል፣ መሪውን የያዘው እጅሽም ንዝረቱ ይሰማዋል። እዚያች ላይ እግርሽን አቁሚው! አሁን ስፖኪዮ እይና የእጅ ፍሬኑን አውርጂ፣ መኪናዋ ባለችበት ቀጥ ትላለች። ነዳጅ ስትጨምሪ ትወጣለች። ከተንሸራተተች የእግር ፍሬን ያዢና እንደገና ጀምሪ። እኔ ሲቸገሩ ያየኋቸው አብዛኞቹ ትንሽ ስትንሸራተት ደንግጠው ፍሪሲዮኑን ባንዴ የለቀቁ ናቸው።

ከፖስታ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወስደውን የቸርችል ጎዳና ዳገት ታውቂዋለሽ አይደል? ነገ መንጃ ፍቃድሽን ይዘሽ፣ ከፊትሽ አውቶቡስ ቆሞ ከኋላሽ ሚኒባስ ተለጥፎብሽ እዚያ ስትያዢ የምታወጣሽ ይቺው ልምምድ ናት።

ጥያቄ፦ የቲዎሪ ጥያቄዎች በቴሌግራም አግኝቼ መልሱን እየሸመደድኩ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ጥያቄው ትንሽ ተቀይሮ ሲመጣ ትጠፋለህ። ጥያቄዎቹን ተለማመድባቸው፣ ግን እያንዳንዱን መልስ ለምን ብለህ ጠይቅ። ምልክቶችን በቅርፃቸው ያዝ። ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ይከለክላል፣ ሰማያዊ ክብ ያስገድዳል። ሦስት ማዕዘኑ ሹሉን ወደ ታች ካዞረ ቅድሚያ ስጥ ማለት ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው ደግሞ ቁም ነው፣ ጎማህ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ መንገዱ ባዶ ቢሆንም።

ፍጥነትንም እንዲሁ ተረዳው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ትሄዳለህ፣ በ60 ደግሞ ወደ 17 ሜትር ገደማ። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝክ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት ግን እጥፍ አይደለም፣ ወደ 4 እጥፍ ይሆናል። ይህ ከገባህ ርቀት ስለመጠበቅ የሚመጣውን ጥያቄ መሸምደድ አያስፈልግህም። ከሚኒባስ ኋላ ስትሆን ደግሞ ይብስ ራቅ በል። ውስጥ አንድ ሰው «ወራጅ አለ» ሲል ሹፌሩ የት እንደሚቆም አታውቅም።

ጥያቄ፦ አደባባይ ያስፈራኛል። መቼ ነው የምገባው?

መልስ፦ አደባባዩ ውስጥ ላሉት፣ ማለትም ከግራህ ለሚመጡት፣ ቅድሚያ ትሰጣለህ። ክፍተት ስታገኝ ትገባለህ፣ አደባባዩን በግራህ አድርገህ ትዞራለህ፣ ልትወጣ ስትል የቀኝ ፍሬቻ ታበራለህ። መብራት ካለ መብራቱን ታከብራለህ። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ በእጁ እያስተናገደ ከሆነ ግን የሱ ምልክት ከመብራቱም ይበልጣል። አንድ ቀን ያለ መኪና በእግርህ ሂድና ቴዎድሮስ አደባባይ ዳር ግማሽ ሰዓት ቁም። ማን ለማን እንደለቀቀ፣ ማን ያለ ፍሬቻ እንደወጣ ተመልከት። ተማሪዎቼን ሁሉ ይህን አስደርጋቸው ነበር፣ በጣም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 52 ዓመቴ ነው። ከወጣቶች ጋር ስማር እፈራለሁ፣ ይሳካልኝ ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ ይሳካልዎታል። ከርስዎ የሚበልጡ አሰልጥኜ አሳልፌያለሁ። ወጣቶቹ ቶሎ ይለምዳሉ፣ ግን ይቸኩላሉ። እርስዎ ዜብራ ላይ እግረኛ ሲያዩ ሳይነገርዎት ይቆማሉ፣ ያንን ለወጣት ለማስተማር ወር ይፈጃል። ዓይንዎን አስቀድመው ይመርመሩ፣ መነፅር ካስፈለገም ከልምምዱ በፊት ያድርጉት። አሰልጣኙ ከጮኸብዎት ሌላ እንዲቀይሩልዎት ይጠይቁ፣ ገንዘብ ከፍለዋል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ መኪና ነው የምገዛው። ማንዋል (ማርሹ በእጅ የሚቀየር) ለመማር ለምን እለፋለሁ?

መልስ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ቢሆንም መንገዱ ላይ ያለው ገና ብዙው ማንዋል ነው፣ ነገ የወንድምህን ቪትዝ ንዳ ብትባልስ? ተማረው። ኤሌክትሪኳ ስትመጣ ደግሞ ብዙ ድምፅ እንደሌላት አስታውስ፣ እግረኛው ስትመጣ ላይሰማህ ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ገንዘብ ከሰጠሽኝ ሳትፈተኚ አወጣልሻለሁ አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው እያለ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ ተዪው። ሁሉም አያደርገውም። በዚህ መንገድ ወረቀቱን ያገኘ አንድ ልጅ ከወራት በኋላ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ከግቢ ሲወጣ ፍሬን የያዘ መስሎት ነዳጅ ረግጦ አጥር ገጭቷል። አጥሩ ጋ ሁልጊዜ ሕፃናት ይጫወታሉ፣ የዚያን ቀን አልነበሩም። ይህን ሲነግረኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከ1ኛ ማርሽ ጀምሬ አስተማርኩት። ወድቀሽ ደግመሽ ብትፈተኚ የምትከስሪው ጊዜና ትንሽ ብር ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ኋላ ስሄድ መሪው ይምታታብኛል።

መልስ፦ የመኪናው ቂጥ መሪውን ወዳዞርክበት ነው የሚሄደው። ወደ ቀኝ ካዞርክ ቂጡ ወደ ቀኝ። ይህንኑ ጮክ ብለህ እየተናገርክ ተለማመድ፣ ዞር ብለህም በኋላው መስታወት እይ፣ ስፖኪዮ ብቻ አይበቃም።

ጥያቄ፦ የፈተናው ቀን ምን ጫማ ላድርግ?

መልስ፦ ሶሉ ስስ የሆነ፣ የለመድሽው ስኒከር። ታኮም ነጠላ ጫማም አይሆንም። አዲስ ጫማ ደግሞ በፍጹም፣ ፍሪሲዮኑ የሚይዝባትን ቦታ እግርሽ ያወቀው በአሮጌው ነው።