የሄዱትም የቀሩትም

ባለፈው እትም ስለ ዘ ሳፋየርስ ፊልም ሁለት መስመር ጣል አርጌ ነበር። ላላያችሁት፦ አራት የአውስትራሊያ አቦርጂን ሴቶች፣ የአገሩ ጥንታዊ ባለቤቶች ማለት ነው፣ በ1968 ቬትናም ድረስ ሄደው ጦርነቱ መሀል ለአሜሪካ ወታደሮች ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሲዘፍኑ የሚያሳይ በ2012 የወጣ ፊልም ነው። ለሁለት መስመር ይሄ ሁሉ መልእክት ይመጣል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ልጅ ጥያቄ ከባድ ስለሆነ መልሱም ረዝሟል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ እንዴት ከረሙ። እኛ አራት ነን፣ እኔና ታናሽ እህቴ እና ሁለት የአክስቴ ልጆች። ሰርግ ላይ እንዘፍናለን፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አንድ የባህል ምሽት ቤት እንሠራለን። አያታችን ማሲንቆ መቺ ነበር፣ አዝማሪ፣ መደበቅ አልፈልግም። ሰው ሲዘፈንለት ግንባራችን ላይ ብር ይለጥፋል፣ ሲያልቅ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ላይ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዘፍነን እራት የሰጡን ከዳሱ ኋላ ማገዶ የተከመረበት ጋ ነው፣ ቆመን በላን። የእህቴ እጮኛ ቤተሰቦችም «የአዝማሪ ዘር» ብለው ሽማግሌ ሳይልኩ ቀሩ። አሁን አንድ ሰው መጣና ለወታደሮች ዝግጅት አለ፣ ካምፕ ሄዳችሁ ትዘፍናላችሁ፣ ትራንስፖርትና ማደሪያ በኛ፣ ክፍያውም ጥሩ ነው አለን። እኔና እህቴ እሺ ልንል ነበር፣ የአክስቴ ልጆች ግን አንገታችንን ለካራ አሉ፣ ወንድማቸው በሰሜኑ ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም እናቱም እስካሁን ጥቁሯን አላወለቀችም። የእርስዎን ጽሑፍ አይቼ ፊልሙን በፍላሽ አስገልብጬ ለአራታችንም ከፈትኩት፣ እዛ አራቱም ሄደው ተሳካላቸው እኮ! «አያችሁ?» አልኳቸው። ይኸው ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። ምን ይሉኛል? (ከአራዳ፣ ጎንደር)

መልስ፦ የኔ እናት፣ መጀመሪያ ያንን «አያችሁ?» መልሰሽ ውሰጂው፣ ምክንያቱም ሴቶቹ ያደረጉትን ፊልሙ አላሳየሽም።

እውነተኛዎቹ ሳፋየርስ ሦስት ነበሩ፣ አራት አይደሉም። ሎረል ሮቢንሰን፣ ቤቨርሊ ብሪግስና ናኦሚ ሜየርስ። ሜልበርን ከተማ ውስጥ በየሆቴሉ በየክለቡ በየዩኒቨርሲቲው የሚዘፍኑ ልጆች ናቸው፣ ልክ እንደናንተ ቅዳሜ እዚህ እሁድ እዚያ። ቬትናም እንሂድ የሚለው ግብዣ የመጣላቸው ሜልበርን ላይ አብረውት ይሠሩ ከነበረ የማኦሪ፣ የኒውዚላንድ ጥንታዊ ባለቤቶች ማለት ነው፣ ባንድ ነው፣ ፊልሙ ላይ ያለው ያ ሰካራም አየርላንዳዊ ማናጀር ለጨዋታ የተጨመረ ነው (ሰውየው ያስቃል፣ አልጠላሁትም)። እና ግብዣው ሲመጣ ምን ሆነ መሰለሽ፣ ቤቨርሊና ናኦሚ አንሄድም አሉ! ጦርነቱን ይቃወሙ ነበር፣ በቃ። ሎረል እሺ አለች፣ ቦታውን የሞላችላት እህቷ ሎይስ ፒለር ናት፣ ሁለቱ እህትማማቾች ሄደው ዘፈኑ።

አየሽ አይደል? ሁለት ሄዱ ሁለት ቀሩ። የናንተው ቤት ቁጭ ብሎ ነው የተጻፈ የሚመስለው። ታሪኩን መጀመሪያ በ2004 ለቲያትር የጻፈው ቶኒ ብሪግስ ደግሞ የሎረል ልጅ ነው፣ የሄደችዋ ልጅ ማለት ነው፣ ስለዚህ እናቱ ከነገረችው ተነስቶ ሁሉንም አውሮፕላን ላይ ማሳፈሩ አይገርመኝም፣ ለቲያትርም አራት ሴት መድረክ ላይ ያምራል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ያ «አንሄድም» የተባለበት ቀን ነው። እስቲ አስቢው፣ የሚሠሩት ሆቴል ለሆቴል፣ ቆዳቸው ጥቁር ስለሆነ በገዛ አገራቸው በሙሉ ዓይን የማይታዩ፣ ውጭ አገር ሂዱና ዝፈኑ ተብለው እምቢ ማለት! እኔ ብሆን ፊልሙን የምጀምረው ከዛ ነበር።

የቀሩትስ ምን ሆኑ ካልሽኝ፣ ናኦሚ በ1971 ሲድኒ ሬድፈርን ሰፈር ውስጥ በተከፈተው የአቦርጂኖች ሕክምና አገልግሎት ገና ከጅምሩ ገብታ ከ30 ዓመት በላይ መራችው። ሐኪም ቤት ሄደው ፊት ለሚነሳቸው ሰዎች የራሳቸው ሐኪም ቤት ማለት ነው። የሄደችው ሎይስም ብትሆን ሞዴል ሆና ሠርታ፣ ኋላ ሌላ እህቷ በ1983 የመሠረተችውን ዎራዋ የሚባል የአቦርጂን ልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ስትመራ ነው የኖረችው። ሄደው ሀብታም የሆኑ፣ ቀርተው የከሰሩ የሉም። ዘመዳሞች ነበሩ ዘመዳሞች ሆነው ቀሩ፣ ፊልሙ ሲወጣም የአራቱም ሴቶች ታሪክ ተብሎ ነው የተወራው።

አሁን ከዳሱ ኋላ ወዳበሉሽ እራት ልመለስ፣ ስላናደደኝ ነው። ፊልሙ ካን ፌስቲቫል ላይ ታይቶ፣ አገሩ ውስጥ ትልቁን ሽልማት በ11 ዘርፍ ጠራርጎ ወስዶ፣ በ2013 አሜሪካ ዲቪዲው ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ምን ተደረገ፣ ያ ነጭ ማናጀር ከፊት ትልቅ ሆኖ በቀለም፣ አራቱ ሴቶች ደግሞ ከኋላው ሰማያዊ ጥላ ሆነው! ስለነሱ በተሠራ ፊልም! ከፍተኛ ተቃውሞ ተነስቶ ነው አከፋፋዩ ያዘነው። እናንተን ከዳሱ ኋላ እነሱን ከሽፋኑ ኋላ። ዘፈኑ ሲፈለግ ድምፅሽ ቤት ይገባል፣ አንቺ ግን ጓሮ ትቀሪያለሽ። የነሱና የናንተ አንድ ነው እያልኩ አይደለም፣ እነሱ ላይ ሕግ ወጥቶ መንግሥት ልጅ ከናት ጉያ እየነጠቀ በነጭ ቤትና በማሳደጊያ ሲያሳድግ እስከ 1970 ገደማ ቆይቷል፣ ይቅርታ የተጠየቁት እንኳ በ2008 ነው። የናንተው ግን ሕግ የለውም፣ ሰው አፍ ላይ ነው ያለው፣ ጎንደር ደግሞ በዚህ በኩል አፏ ረዥም ነው፣ አስቴር አወቀ የተወለደችብን ከተማ ሆነን «እሷ እኮ የኛ ናት» እያልን ደረታችንን እየነፋን ለጎረቤት አዝማሪ ልጅ ሽማግሌ አንልክም። ለቀጣዩ ሰርግ ከመሄዳችሁ በፊት እራት የት እንደምትበሉ ተነጋገሩ፣ ሒሳብ ስትነጋገሩ አብሮ፣ ሳታፍሩ። ዳስ ውስጥ ወንበር ላይ። ያ ካልሆነ ሌላ ዘፋኝ ይፈልጉ።

ስለ ካምፑ ሂጂ ወይ ቅሪ አልልሽም። አንድ ነገር ግን ላጫውትሽ። በደርግ ጊዜ ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን አንዲት የኪነት ዘፋኝ ነበረች፣ ግንባር ሄዳ ሦስት ወር ቆይታ መጣች። እኛ ልጆቹ ቀሚሱን አሳዪን የዘፈንሽውን ዝፈኝልን እያልን ስንከባት አንድ የወታደር ብርድ ልብስ ብቻ ይዛ ነው የመጣችው፣ አመድማ፣ ጫፉ የተቃጠለ። «ሰልፉን ዘፈንን ቀረርቶውን ዘፈንን፣ ማታ ሲሆን ግን ልጆቹ ትዝታን ነው የሚሉኝ፣ ስዘፍንላቸው ደግሞ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ጠዋት ግማሾቹ የሉም» አለች። ከዛ በኋላ ትዝታ ስትዘፍን ሰምቼ አላውቅም፣ አምባሰልም ባቲም ትዘፍናለች ትዝታን ግን የለም። ይሄን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ሳይሆን የአክስትሽ ልጆች ምን እንደፈሩ ይገባሽ ብዬ ነው። እነሱ ካምፕ ደርሰው የሚያዩት ፊት ሁሉ የወንድማቸውን ነው የሚሆነው።

ደግሞ መሄድም ነውር አይደለም። ጆርጂያ ሊ የምትባል የአውስትራሊያ ኬርንስ ከተማ ልጅ ነበረች፣ የአቦርጂንና ከአውስትራሊያ ሰሜን ያሉት የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ዘር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእህቶቿ ጋር ሆና ለወታደሮች ስትዘፍን ነው የጀመረችው፣ ኋላ በ1962 የራሷን የብሉዝ አልበም አወጣች። በዛን ጊዜ የአገሬው ተወላጅ ሴት አልበም ማውጣት ያልተሰማ ነገር ነው። እና እሷን ማን ይወቅሳል?

ስለዚህ ከሄድሽ ከእህትሽ ጋር ሂጂ፣ እነሱን በስልክ ጠርተሽ «ሁለታችን እንሄዳለን፣ እናንተ የቅዳሜዋን ቤት ያዙልን» በያቸው፣ የቡድኑም ስም ያው ይሁን። ያ መጣ ያልሽው ሰውዬ ግን ክፍያው «ጥሩ ነው» ሲል ስንት ነው በይው፣ ግማሹን ከመነሳታችሁ በፊት ይስጥ፣ መኪናው የማን እንደሆነ በየትኛው መንገድ እንደምትመለሱ በጽሑፍ ይሁን፣ ማደሪያችሁ ከወታደሮቹ የተለየ ይሁን፣ ይሄን ሲሰማ ከተቆጣ መልሱን አገኘሽ።

ጥያቄ፦ እነዚህ አቦርጂን የሚባሉት ጥቁሮች ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ናቸው? መምህራችን እንደዛ ያለን መሰለኝ። (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ማራኪ)

መልስ፦ አይደለም። ማንም አልወሰዳቸውም፣ እዛው ነበሩ፣ ከ50 ሺህ ዓመት በላይ። እንግሊዞች መርከብ ጭነው የሰፈሩት በ1788 ነው፣ ያኔ ከ250 በላይ ቋንቋ ይነገር ነበር። የሳፋየርስ ሴቶች ዮርታ ዮርታ ከሚባል ሕዝብ ናቸው፣ ሙሬይ ወንዝ ዳር ኩመራጋንጃ የሚባል ሰፈር፣ በ1939 ነዋሪዎቹ የአስተዳዳሪውን ግፍ አንገሽግሿቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወንዙን ተሻግረው ጥለው የወጡበት። እናንተ ልጆች ሶሻል ሚዲያ ላይ ደግሞ «እስከ 1967 በሕግ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕፅዋትና እንስሳ ነበር የሚቆጠሩት» የሚል ታያላችሁ፣ እንደዛ የሚል ሕግ አልነበረም። የነበረውም ይበቃል፦ ሕገ መንግሥቱ በሕዝብ ቆጠራ አትደምሯቸው ይል ነበር፣ እሱ የተሰረዘው በ1967 ሕዝበ ውሳኔ ነው፣ ከ90 በመቶ በላይ እሺ ብሎ። በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ደግሞ ከዛ በፊት በ1962 ተፈቅዷል። ለመምህርህ በትሕትና ንገረው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጆቼ ያንን ፊልም ሲያዩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። መሀሉ ላይ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ዘመሩ፣ ዘፈን አልመሰለኝም። ምንድነው? (አንድ አባት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አባቴ፣ ጆሮዎ አልሳተም፣ መዝሙር ነው። ቡራ ፈራ ይሉታል፣ በዮርታ ዮርታ ቋንቋ። የፈርኦን ሠራዊት በኤርትራ ባሕር ሲሰምጥ ነው የሚያወራው፣ ኦሪት ዘጸአት! አመጣጡ ደግሞ እንዲህ ነው፣ በ1886 ፊስክ ጁቢሊ የሚባሉ የአሜሪካ ጥቁር ዘማሪዎች፣ የብዙዎቹ ቤተሰብ በባርነት የኖረ፣ አውስትራሊያን ሲዞሩ ማሎጋ የሚባል ሚሲዮን ደርሰው ለዮርታ ዮርታዎች ዘመሩ። እነዚያ በባርነት ዘመን ስለ ፈርኦን የዘመሩትን እነዚህ ሰምተው ወደ ቋንቋቸው መለሱት፣ ለምን እንደገባቸው መቼም ለእርስዎ አልነግርም። ቋንቋው ሊጠፋ ሲል እንኳ አያት ለልጅ እያስያዘች እዚህ ደርሷል፣ በየቀብሩ በየስብሰባው ይዘምሩታል።

እኔም ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ያችን ቦታ ብቻ ቆርጬ ስልኬ ላይ እናቴ ጋ ይዤ ሄድኩ፣ ምንም ሳልነግራት ከፈትኩላት። ነጠላዋን አስተካክላ ዝም ብላ እስኪያልቅ ሰማች። ከዛ «ኧረ ደግሚው» አለችኝ፣ ደገምኩት። «የየት ደብር ናቸው?» አለች።